የላዳ 2101 ሞተር፦ ፋሻ ብቻ ልለውጥ ወይስ ሲሊንደሩን ወደ 76.4 ሚሊ ሜትር ላስፋው?

ጤና ይስጥልኝ፤ ሞተር በማደስ ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች እንድታማክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከአባቴ የወረስኋት ላዳ 2101 በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 የተሠራች ናት። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለረጅም ዓመታት በታክሲነት ሠርታለች፤ እኔንና ሦስት ታናናሾቼን ያስተማረችን እርሷ ስለሆነች መሸጥ የሚባለውን ነገር አላስበውም። ሞተሯ ግን ደክሟል። በ600 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ያህል ዘይት ትበላለች፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍተው ደግሞ መዳፌን የሚገፋ ትንፋሽ አለ። ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ስለካ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሲሊንደር 7.4፣ 7.0፣ 6.1 እና 7.1 ባር አገኘሁ። አንድ መካኒክ ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን የብረት ቀለበት) ብቻ ለውጠን እንግጠማት ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል) ሬቲፊካ ካልገባ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ በማሽን ካልሰፉ፣ ገንዘብህን ውኃ በላው ይለኛል። ሁለቱም የማከብራቸው ሰዎች ናቸው። የትኛውን ልስማ? ሬቲፊካ ካስፈለገስ ምን ዓይነት ፋሻ ልግዛ?

ከዚህ ጥያቄ በኋላ የመጡት ምላሾች ብዙ ስለሆኑና አዲስ የሚገቡ አንባቢዎችም ያንኑ ደግመው ስለሚጠይቁ፣ የተባለውን በየቁጥሩ እየጠቀስሁ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የራሴንም አስተያየት በየቦታው አልደበቅሁም።

ምላሽ 1 የመጣው ድሬዳዋ ከሚኖሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ ነው። ልጄ እያሉ በትዕግሥት ጻፉልኝ። ስለ ፋሻ ከመነጋገራችን በፊት በየካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሬ ኮምፕሬሽኑን እንደገና እንድለካ አዘዙኝ። ዘይቱ በፋሻና በሲሊንደር መካከል ያለውን ክፍተት ለጥቂት ጊዜ ስለሚደፍነው፣ ቁጥሩ ጉልህ ሆኖ ከፍ ካለ ትንፋሹ የሚያመልጠው በዚያ በኩል ነው፤ ካልተነቃነቀ ግን ጥፋቱ ከቫልቮላ ወይም ከቴስታታ (ከሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ፣ ይፈለግ አሉ። ስለ ጭሱም አንድ ነገር ጨመሩ። ረጅም ቁልቁለት በሞተር ተይዞ ተወርዶ እንደገና ነዳጅ ሲሰጥ ቦግ የሚል ጭስ ብዙውን ጊዜ ከቫልቮላ ጎማዎች የሚመጣ ሲሆን፣ ዳገት ላይ በጭነት ጊዜ ሳያቋርጥ የሚወጣው ግን የፋሻ ነው።

ምላሽ 2 ከዋሽንግተን አካባቢ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው የዚህ ሞተር መመሪያ ከ10 በታች የሆነ ኮምፕሬሽንን እንደማይቀበል ጠቅሶ፣ 6 እና 7 የሚያሳይ ሞተር የሞተ ነውና ሌላ ሞተር ፈልግ ሲል መከረኝ። ምላሽ 3 ወዲያው ተከተለው፤ እዚህ ላይ የክሩ (የዚህ የውይይት ሰንሰለት) ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ። የአዲስ አበባው ጸሐፊ መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ወለል መሆኑን አስታወሰ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሲሊንደሩ የሚስበው አየር የሳሳ ከሆነ ጨምቆ የሚሰጠውም ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ እዚያ 10 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 7.5 ያሳያል። ውቅያኖስ ማዶ ተቀምጦ እንጦጦ ሥር ያለን ሞተር መቅበር ተገቢ አይደለም በማለት ነበር የደመደመው።

ምላሽ 4 የዋሽንግተኑ ወንድም መልስ ነው፤ ስሕተቱን ያለ ምንም ማስተባበያ ተቀበለ። ነገር ግን ከፍታው የማይሸፍነው አንድ ጉዳይ አለ አለ። በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ1 መብለጥ የለበትም፤ የእኔ አንደኛና ሦስተኛ ሲሊንደሮች ግን በ1.3 ይለያያሉ። አየሩ ለአራቱም እኩል የሳሳ ስለሆነ ሦስተኛው ሲሊንደር የራሱ በሽታ አለበት ማለት ነው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ እንዲህ ያለ እርማትና ምላሽ ክሩን ጠቃሚ ያደረገው ይመስለኛል።

በምላሽ 5 እኔ ራሴ ተመለስሁ። የዘይቱን ሙከራ ሳደርግ ሦስተኛው ሲሊንደር ከ6.1 ወደ 8.0 ዘለለ፤ ሌሎቹ የጨመሩት በ0.5 ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ሞተሩን አውርጄ፣ ቴስታታውን አንሥቼ፣ የሲሊንደር ውስጥ መለኪያ ተውሼ ለካሁ። በብሎኩ ታችኛ ገጽ ላይ በእያንዳንዱ ሲሊንደር አንጻር የተመታው ፊደል ሲ ነው፤ ይህም ሲሊንደሮቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ከ76.02 እስከ 76.03 ሚሊ ሜትር እንደነበሩ ይናገራል። ፋሻ የማይደርስበት የላይኛው ጠርዝ ዛሬም 76.03 ነው። ከዚያ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ፒስተኑ በሚገፋበት አቅጣጫ፣ አንደኛው 76.14፣ ሁለተኛው 76.17፣ ሦስተኛው 76.21፣ አራተኛው 76.16 ሆነ። በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ጥፍሬን ከታች ወደ ላይ ሳንሸራትት በደረጃ እንደተደናቀፈ ቀጥ ይላል። መመሪያው የሚፈቅደው የመበላት ወሰን 0.15 ሲሆን የሦስተኛው ሲሊንደር 0.18 ደርሷል።

ምላሽ 6 የላዳ ታክሲ ይነዱ ከነበሩ አንድ አባት ነው የመጣው። እርሳቸው በዘመናቸው ሁለት ጊዜ ፋሻ ብቻ አስለውጠው፣ ሲሊንደሩንም መካኒኩ በእጁ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶት፣ መኪናዋ ከዓመት በላይ እንጀራ እንዳበላቻቸው መሰከሩ። ቁጥር ማብዛት ሞተር አያስነሣም የሚል አስተያየትም አከሉበት።

ምላሽ 7 በዚህ ተቆጥቶ የተጻፈ ነው፤ አነጋገሩ ለአንድ አባት የማይገባ ቢሆንም ስሌቱ ሊታለፍ አይችልም። ሲሊንደር በስፋት 0.18 ሲጨምር ዙሪያው በ3.14 እጥፍ፣ ማለትም ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ባልተበላው የታችኛው ክፍል አፉ 0.30 ክፍተት ያለው አዲስ ፋሻ ወደ ላይ ሲደርስ ክፍተቱ ወደ 0.87 ይከፈታል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ይህ ፋሻ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፣ 50 ጊዜ ይዘጋል፤ በዚያ ፍጥነት የግድግዳውን ቅርጽ መከተል ስለማይችል ትንፋሹም ዘይቱም ያልፋሉ። ከዚህም ሌላ አሮጌው ፋሻ ከደረጃው ጋር አብሮ ተበልቶ ጠርዙ የደበዘዘ ሲሆን፣ አዲሱ ፋሻ ጠርዙ ስል በመሆኑ ደረጃውን በየዙሩ ይመታዋል፤ በመጨረሻም ራሱ ይሰበራል ወይም የፒስተኑን ግድግዳ ይሰብራል። ጸሐፊው በብርጭቆ ወረቀት ማሸትን የጠራበትን ስም እዚህ አልደግመውም።

በምላሽ 8 አባታችን ተመልሰው፣ ማታ ቤቱ ዳቦ ይዞ መግባት ያለበት ሹፌር መኪናውን ለሁለት ሳምንት ቶርኖ ቤት ማቆም እንደማይችል፣ የእርሳቸው ሲሊንደሮች ምን ያህል ተበልተው እንደነበርም ያን ጊዜ የለካ ሰው እንዳልነበረ ጻፉ። ይህ እውነት ነው፤ አባቴም ብዙ ጊዜ እንዲሁ አድርጎ እንደነበር ሞተሩን ስፈታ ካገኘኋቸው ልዩ ልዩ ፋሻዎች ተረድቻለሁ።

ምላሽ 9 የክሩ እምብርት ነው ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊዋ በአዲስ አበባ በሬቲፊካ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ያሳለፈች እህት ናት። አስቀድማ ያስጠነቀቀችው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ ሰው ብሎኩን አምጥቶ ወደ 76.4 አስፉልኝ ብሎ ይሄዳል፤ ፒስተኑን የሚገዛው በኋላ ነው። ፒስተኑ በእጅ ሳይገባ ሲሊንደር መነካት የለበትም፤ ሲሊንደር የሚሰፋው ለተለካው ፒስተን እንጂ ካርቶኑ ላይ ለተጻፈው ቁጥር አይደለምና። ለዚህ ሞተር የተለመዱት ትልልቅ ልኮች 0.4 እና 0.8 የሚጨምሩ ናቸው፤ በየልኩም ውስጥ ፒስተኖቹ በመቶኛ ሚሊ ሜትር እየተለያዩ ይመደባሉ፤ በመለዋወጫነት የሚገኙት ኤ፣ ሲ እና ኢ የተባሉት ምድቦች ናቸው። ፒስተን ደግሞ ሙሉ ክብ ስላልሆነ፣ ወደ ታችም እየሰፋ ስለሚሄድ፣ የትም ቦታ ተለክቶ አይበቃም። ከፒኑ (ፒስተኑን ከቢዬላው ጋር ከሚያያይዘው ዘንግ) አቅጣጫ በተሻገረው በኩል፣ በቀሚሱ (በፒስተኑ የታችኛ ክፍል) ላይ፣ መመሪያው በሚያሳየው ከፍታ ይለካል። በዚያ ልክ ላይ ከ0.05 እስከ 0.07 ክፍተት ሲታከል የሲሊንደሩ የመጨረሻ ስፋት ይገኛል። ፒስተኑ 76.36 ከሆነ ሲሊንደሩ 76.42 ይሆናል ማለት ነው፤ ፒስተኑም በዚያው ቅጽበት የሲሊንደሩ ቁጥር ይጻፍበታል።

ቀጥላ ማሽኑ እንዴት እንደሚያዝ አስረዳች። ሲሊንደር ከላይ የሚበላው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ስለሆነ፣ ማሽኑ በተበላው የላይኛ ክፍል ላይ መሐሉን ከወሰደ አዲሱ ሲሊንደር ከቦታው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ መሐሉ የሚወሰደው ካልተበላው ክፍል ነው። ቢላው እስከ መጨረሻው ልክ አይቆርጥም። በስፋት 0.03 ሚሊ ሜትር ለሆኒንግ ይተርፋል። ምክንያቱም ቢላ ብረቱን እየቀደደ ስለሚሄድ ከኋላው የተቦጫጨቀ ገጽ ይተዋል፤ የሆኒንግ ድንጋዩ ያንን ገጽ አንሥቶ፣ እየተሽከረከረ ወደ ላይና ወደ ታች በመመላለስ የተጠላለፉ ቀጫጭን መሥመሮች ያሰምራል። ዘይት የሚኖረው በእነዚህ መሥመሮች ውስጥ ነው። መሥመሮቹ የሚጠላለፉበት ማዕዘን 45 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይገባል፤ በጣም ከተጋደሙ ፋሻው በላያቸው እየዘለለ ይሄዳል፣ በጣም ከቆሙ ደግሞ ዘይቱ በእነርሱ በኩል ፈስሶ ያልቃል። በመጨረሻም የሲሊንደሩ አፍ ጠርዝ በትንሹ እንዲለሰልስ መጠየቅ ይገባል፤ ካልሆነ ፋሻው ሲገባ ይፋቃል።

በምላሽ 10 አንድ ሰው ከወሰን ያለፈው ሦስተኛው ሲሊንደር ብቻ ከሆነ እርሱን ብቻ ማስፋት አይበቃም ወይ ሲል ጠየቀ። ምላሽ 11 በአጭሩ ዘጋው፤ ሁለተኛው 0.14 ላይ ቆሞ እያለ፣ ብሎኩ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ሦስቱን ለከርሞ መተው ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው፣ ፒስተኖቹም ክብደታቸው እኩል እንዲሆን እንደ ስብስብ መገዛት አለባቸው።

ከዚያ ክሩ ትንሽ ወጣ አለ። ምላሽ 12 ላዳ ማለት ፊያት 124 ስለሆነች የፊያት ፋሻ ገዝቶ መግጠም ይቻላል አለ። ይህን ሐሳብ በገበያም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ምላሽ 13 ያረመው በጊዜው ነው። ሶቪየቶች በቶሊያቲ ማምረት የጀመሩት መኪና አካሏ ከፊያት 124 የተወሰደ ቢሆንም ሞተሩ ሌላ ነው። የ1,197 ሲሲው የፊያት 124 ሞተር ሲሊንደሩ 73 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ (ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው ርቀት) 71.5 ሲሆን ካምሻፍቱም (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) ያለው ከታች ነው። የ2101 ሞተር ግን ሲሊንደሩ 76፣ ምቱ 66፣ ካምሻፍቱም ከላይ ነው። የሁለቱ ይዘት በአንድ ሲሲ ብቻ መለያየቱ ነው ብዙዎችን ያሳሳተው። ለ73 የተሠራ ፋሻ በ76 ሲሊንደር ውስጥ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል እንጂ ምንም አይዘጋም።

ምላሽ 14 እና 15 ደግሞ የቮልስዋገንና የፔጆ ባለቤቶች ናቸው። የመጀመሪያው በቮልስ ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው የሚነቀል ስለሆነ ከነፒስተኑ ስብስቡ ተገዝቶ ይገጠማል፣ ስለ ሬቲፊካ መጨቃጨቅ አያስፈልግም አሉ። ሁለተኛው ፔጆ 404 በውኃ የተከበበ ካሚቻ (ከብሎኩ የሚነቀል የሲሊንደር ቱቦ) ስላለው 84 ሚሊ ሜትር የሆነው ካሚቻ ከነፒስተኑ እንደሚቀየር አስረዱ፤ ካሚቻው ከብሎኩ ገጽ በላይ የሚቀረው ከፍታ በትክክል ካልተለካ ግን ውኃ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል ሲሉ አስጠነቀቁ። ሁለቱም ያሉት እውነት ነው፤ የትኛው መኪና ይበልጣል ወደሚል ክርክር ሲዞር ግን በምላሽ 16 የመድረኩ አስተባባሪ ወደ ጥያቄው እንድንመለስ ጠየቀ።

ስለ ፋሻው ዓይነት የተነሣው ክርክር በምላሽ 17 ተጀመረ። ጸሐፊው እስራኤል ውስጥ በጋራዥ የሚሠራ ወንድም ነው፤ የላይኛው ፋሻ ፊቱ በሞሊብዲነም የተሞላ እንዲሆን መከረ። ሞሊብዲነም በባሕርዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ዘይት ይይዛል፣ ከሲሊንደሩ ጋርም ቶሎ ይዋደዳል፤ በዚያ አገር በጠራ አስፋልት ላይ በሚሄዱ አሮጌ መኪኖች መልካም ውጤት እንዳየበት ጻፈ። ምላሽ 18 ግን አካሄዱን ቀየረው። እነዚያ ቀዳዳዎች ዘይት እንደሚይዙ ሁሉ አቧራም ይይዛሉ፤ አቧራ የያዘ ፋሻ ደግሞ እንደ ሞረድ ሲሊንደሩን ይበላል። ክሮም የተለበጠው ፋሻ ገጹ ጠንካራና ድፍን ስለሆነ አቧራ አይሰካበትም፤ ጉድለቱ ከሲሊንደሩ ጋር ለመዋደድ ጊዜ መፈለጉ ነው። ለዚህ ሞተር ፋብሪካው ራሱ የላይኛውን ፋሻ ክሮም እንዳደረገው፣ ሁለተኛውን ዘይት የሚጠርግ ባለ ደረጃ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ጠርዙ ክሮም ሆኖ ከውስጥ በጥቅል ሽቦ የሚገፋ እንዳደረገው ጠቅሶ፣ ለእኛ መንገድ ከዚህ መራቅ አያስፈልግም አለ። እኔም በዚህ ተስማምቻለሁ።

በምላሽ 19 የሬቲፊካዋ እህት ድንጋዩና ፋሻው ሳይነጋገሩ መመረጥ እንደሌለባቸው አስታወሰች። ለክሮም ፋሻ ሲሊንደሩ ከ220 እስከ 280 ቁጥር በሆነ ሻካራ ድንጋይ ያልቃል፤ ገጹ ከለሰለሰ ክሮሙ የሚላመድበትን አያገኝምና ዘይት መብላቱ አይቆምም። ሞሊብዲነም የመረጠ ሰው ግን ወደ 320 ወይም 400 መሄድ አለበት። ወደ ማሽን ቤት ብሎክ የሚያመጣ ሰው የገዛውን ፋሻ አብሮ እንዲያመጣ የምትጠይቀው ለዚህ መሆኑንም ጨመረች።

ምላሽ 20 ጀርመን አገር የሚኖር ወንድም ነው። ቴስታታው ሲታሰር ብሎኖቹ የብሎኩን ብረት ስለሚስቡ ክብ የነበረው ሲሊንደር ጥቂት ይጣመማል፤ ስለዚህ ሆኒንግ ሲደረግ በቴስታታው ቦታ ወፍራም የብረት ሳህን ታስሮ መሠራት አለበት፣ ያለዚያ ሥራው ከንቱ ነው ሲል ጻፈ። ምላሽ 21 ይህን እንደ ንቀት ወስዶ፣ እዚህ አገር ያለ ሳህን የታደሱ ሞተሮች ስንት ዓመት እንደሄዱ እየጠቀሰ ቆጣ ብሎ መለሰ። እህታችን በምላሽ 22 ሁለቱንም አስታረቀች፤ ሳህኑ ጥቅም እንዳለው፣ በሥራ ቦታዋ ግን ለሁሉም ሞተር እንደማይኖር፣ ባለቤቱ ፈልጎ ወፍራም ብረት በአሮጌ ጓርኒሲዮን ልክ ቢያስበሳ እርሷ በደስታ አስራ እንደምትሠራበት ነገረችን። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ብሎኖቹን እንደ ቴስታታው ከ96 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ባለው ወሰን ውስጥ አሰርናቸው።

ምላሽ 23 አጭር ቢሆንም ለብዙ ሰው ይጠቅማል። ጸሐፊው ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለተኛውን ፋሻ ገልብጦ በመግጠሙ መኪናው ከእድሳት በኋላ ከቀድሞው የባሰ ዘይት መብላቷን ተናዘዘ። ደረጃው ወደ ታች መሆን አለበት፤ ከተገለበጠ ወደ ታች መጥረግ የነበረበትን ዘይት ወደ ላይ ይሰበስበዋል።

በምላሽ 24 ያየሁትን እኔ ጻፍሁ። የገዛኋቸው ፋሻዎች ለ0.4 የተሠሩ መሆናቸውን የሚያመለክተው 40 የሚል ቁጥር ጎናቸው ላይ አለ፤ ይህን አይቶ ብቻ መግጠም ግን አይገባም። እያንዳንዱን ፋሻ ወደሚሠራበት ሲሊንደር አስገብቼ፣ በተገለበጠ ፒስተን ገፍቼ ቀጥ እንዲል ካደረግሁ በኋላ አፉን በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች) ለካሁት። መመሪያው ከ0.25 እስከ 0.45 ይፈቅዳል። አሥሩ በዚህ ወሰን ውስጥ ሲሆኑ ሁለቱ ግን 0.15 ብቻ ሆኑ። እንዲህ ጠበው ቢገቡ ኖሮ ሞተሩ ሲግል ጫፎቻቸው ተገፋፍተው ሲሊንደሩን ይቧጥጡት ነበር። በጥሩ ሞረድ፣ ክሮሙ እንዳይሸረፍ ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ እየሳብሁ፣ በየሦስት አራት ስበቱ እየለካሁ 0.30 አደረስኋቸው።

ምላሽ 25 ድሬዳዋ ያሉት አባት ናቸው፤ ስለ እጥበት ተናገሩ። ከሆኒንግ የተረፈው የድንጋይ ዱቄት በመሥመሮቹ ውስጥ ይቀራል፤ ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ዘይቱን ብቻ አጥበው ዱቄቱን ይተዉታል። የሚያወጣው ሙቅ ውኃ፣ ኦሞና ብሩሽ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ አጥቤ ጨርሻለሁ ብዬ ዘይት በነካ ነጭ ጨርቅ ግድግዳውን ሳብሰው ጨርቁ አመድ መሰለ። ነጭ ሆኖ የወጣው በስድስተኛው እጥበት ነው። ወዲያውም ዝገት እንዳይዘው ዘይት ቀባሁት። የፒስተኑን ፒን በተመለከተም እርሳቸው አጥብቀው አሳሰቡ፤ በዚህ ሞተር ላይ ፒኑ ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ውስጥ በጥብቀት የሚገባ ስለሆነ የቢዬላው ራስ ወደ 240 ዲግሪ ሞቆ በፍጥነት ይገጠማል እንጂ በመዶሻ አይመታም። በመዶሻ የተመታ ቢዬላ ከተጣመመ ፒስተኑ አዘንብሎ ይሠራልና አዲሱን ሲሊንደር በአንድ ጎኑ ይበላዋል።

ስለ ማላመድ በምላሽ 26 እና 27 የተደረገው ክርክር የክሩ በጣም የጋለ ክፍል ነበር። አንደኛው ለ2,000 ኪሎ ሜትር ቀስ ብሎ፣ ነዳጅ ሳይሰጡ መንዳት ይገባል ሲል፣ ሌላው ይህ ፋሻን የሚገድል ልማድ ነው ብሎ ተነሣበት። ፋሻ ወደ ግድግዳው የሚጠጋው በራሱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ የሚቃጠለው ጋዝ ከኋላው ገብቶ ስለሚገፋው ነው። ጭነት ከሌለ ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ የመሥመሮቹ ሹል ጫፎች ከፋሻው ጋር ሳይላመዱ ይወለውላሉ። ሁለቱ የተሰዳደቡትን እተወዋለሁ፤ በነገሩ ግን ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ሞተሩ እንደተነሣ ቆማ ለረጅም ጊዜ እንድትሠራ አልተውኋትም፤ ሳላስጮኻት ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን ዳገት በመካከለኛ ነዳጅ እየወጣሁ፣ ቁልቁለቱን በሞተር እየያዝሁ ወረድሁ፤ ይህንም ደጋገምሁት። የገባውም ዘይት ተራ የማዕድን ዘይት ነበር።

ምላሽ 28 ማንም ያላነሣውን አነሣ፤ እንደ እኔ ከሆነ ከሁሉም የላቀ ጥያቄ እርሱ ነው። ሲሊንደሮቼ እንዲህ የተበሉት ለምንድን ነው? ከላይ፣ በመጀመሪያው ፋሻ መቆሚያ አካባቢ የበዛ መበላት አቧራ ከአየር ጋር መግባቱን ያሳያል፤ መግቢያው ካልተገኘ አዲሱ ፋሻም በአጭር ጊዜ እንደ አሮጌው ይሆናል። ሄጄ የአየር ማጣሪያውን ቤት ከካርቡሬተሩ ላይ አነሣሁት። በሁለቱ መካከል መኖር የነበረበት የጎማ ማሸጊያ በሩቡ ያህል ተቆርሶ ጠፍቷል፤ በጎደለው በኩል በካርቡሬተሩ አፍ ላይ ቡናማ የአቧራ መንገድ እንደ ቀለም ተሥሏል። ማጣሪያውን አባቴም እኔም በየጊዜው እንቀይር ነበር፤ አቧራው ግን በማጣሪያው ሳይሆን በጎኑ ይገባ ነበር። የአንዲት ትንሽ ጎማ ጉዳይ መሆኑን ሳውቅ እጅግ አዘንሁ።

በምላሽ 29 ውጤቱን አስፍሬአለሁ። አራቱም ሲሊንደሮች በፒስተናቸው ልክ ተሠርተው ክፍተታቸው ከ0.055 እስከ 0.065 ሆነ። የፋሻዎቹ አፍ በ120 ዲግሪ እየተራራቀ ተገጠመ። ከ1,500 ኪሎ ሜትር በኋላ ኮምፕሬሽኑ 8.8፣ 8.7፣ 8.7 እና 8.8 ሲሆን፣ የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ካለፈው ቅያሪ ወዲህ በአንድ ጥፍር ስፋት ብቻ ዝቅ ብሏል።

ምላሽ 30 ፋሻ ብቻ ይበቃል ብለው ከነበሩት የታክሲ አባት ነው የመጣው። የጎረቤታቸው ላዳ ፈትተው፣ መለኪያ ተውሰው አራቱንም ሲሊንደር ለክተው ቁጥሩን አስቀመጡልን፤ የበዛው መበላት 0.08 ነው፣ ደረጃውም በጥፍር የማይያዝ ነው። እህታችን በምላሽ 31 እርሳቸውን ጋሼ ብላ፣ ይህ ሲሊንደር መስፋት እንደማያስፈልገው፣ በቀላል ሆኒንግና በመደበኛ ልክ ፋሻ እንደሚድን ጻፈችላቸው፤ በቅድሚያ ግን በአሮጌዎቹ ፒስተኖች ቦይና በአዲሱ ፋሻ መካከል ያለውን ክፍተት እንዲለኩ፣ ከ0.15 ካለፈ ፒስተኖቹ እንደማይመለሱ ነገረቻቸው። እርሳቸውም ፊለር ጌጅ ሊዋሱ ወደ እኔ እየመጡ ነው።